ከኢንሱሊን ጋር አብሮ የተወለደ አደጋ
የዝቅተኛ የደም ስኳር ታሪክና ለዛሬው ጤና ባለሙያ የሚያስተምረው

የስኳር ሕመም ሲነሣ የጤና ባለሙያው ሐሳብ አስቀድሞ የሚያመራው ከመጠን በላይ ወደ ጨመረ የደም ስኳር ነው። የዓይን፣ የኩላሊት፣ የነርቭና የልብ ጉዳት ሁሉ ከዚያ የሚመነጭ በመሆኑ ይህ የሚያስገርም አይደለም። ይሁን እንጂ ኢንሱሊን ለሚወጋ ወይም ደም ውስጥ ያለውን ስኳር በኃይል የሚያወርድ እንክብል ለሚወስድ ሕሙም፣ ከዓመታት በኋላ ከሚመጣው ጉዳት ይልቅ በዛሬዋ ሌሊት ሊመጣ የሚችለው የስኳር መውረድ ይበልጥ ያስፈራዋል። ይህ ፍርሃት መሠረት የሌለው አይደለም። ዝቅተኛ የደም ስኳር በደቂቃዎች ውስጥ አእምሮን ያሳታል፤ ሲዘገይም ሕይወትን ያጠፋል። ሆኖም በጊዜ ከተደረሰበት ከሕክምና ድንገተኛ አደጋዎች ሁሉ በርካሹና በቀላሉ የሚድን ነው፤ መድኃኒቱም በየቤቱ ጓዳ የሚገኘው ስኳር ነው።

የዚህ አደጋ ታሪክ ከኢንሱሊን ታሪክ ተለይቶ አይታይም። በስኳር ሕመም ሕክምና አዲስ እርምጃ በተራመደ ቁጥር የዝቅተኛ ስኳር መልክም አብሮ ተለውጧል። በመሆኑም ታሪኩን ማወቅ ባለሙያው በየዕለቱ የሚሰጠው ምክር ከየት እንደመጣና ለምን እንደሚያስፈልግ ያስረዳዋል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስም ያልነበረው ሕመም

ከ1922 በፊት የነበረ ሐኪም በስኳር ሕመምተኛው ላይ ይፈራ የነበረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ደም በኬቶን አሲድ ተመርዞ የሚመጣው ራስን መሳት ሲሆን፣ ሁለተኛው ሕሙሙን በረሃብ ማጣት ነበር። በዚያን ዘመን የተሻለ ይባል የነበረው ሕክምና በኒውዮርክ ፍሬድሪክ አለን ያስፋፋው እጅግ የተመጠነ አመጋገብ ነበር፤ ሕፃናትና ወጣቶች አጥንታቸው እስኪቆጠር ድረስ ምግብ እየተቀነሰባቸው ጥቂት ወራት ወይም ዓመታት ይጨመሩላቸው ነበር። የደም ስኳር ከሚገባው በታች መውረድ የሚለው ሐሳብ በሕሙማን አልጋ ዘንድ እንደ ራሱን የቻለ ሕመም የሚታወቅ አልነበረም።

ነገሩ መጀመሪያ የተገለጠው በቤተ ሙከራ ነው። በ1921 ገደማ በአሜሪካ በሜዮ ክሊኒክ ፍራንክ ማን እና ቶማስ ማጋት የውሾችን ጉበት በቀዶ ጥገና አውጥተው የሚሆነውን ይከታተሉ ጀመር። የውሾቹ የደም ስኳር በሰዓታት ውስጥ ወረደ፤ እንስሳቱ ደከሙ፣ ተንቀጠቀጡ፣ ራሳቸውን ሳቱ። በደም ሥራቸው ግሉኮስ ሲሰጣቸው ግን ወዲያው ነቁ፤ ስኳሩ ሲያልቅም ተመልሰው ወደቁ። ከዚህ ሙከራ ሁለት ነገር ተማሩ። በምግብ መካከል ባለው ጊዜ ደምን ስኳር የሚመግበው ጉበት እንደሆነና ስኳር የተነፈገ አእምሮ ሥራውን እንደሚያቆም ታወቀ።

የቶሮንቶ ጥንቸሎች

በ1921 የበጋ ወራት በካናዳ በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ፣ በፕሮፌሰር ጆን ማክላውድ ክፍል፣ ፍሬድሪክ ባንቲንግ እና ቻርልስ ቤስት ቆሽታቸው በወጣ ውሾች ላይ የቆሽት ጭማቂ ሞከሩ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የባዮኬሚስትሪ ባለሙያው ጄምስ ኮሊፕ ተቀላቀላቸውና ጭማቂውን የማጣራት ኃላፊነት ወሰደ። ኮሊፕ የጭማቂውን ኃይል የሚለካው በጤነኛ ጥንቸሎች ላይ ነበር። በዚህ ሥራ ላይ ሳለ መጠኑ ሲበዛ ጥንቸሎቹ ሲንቀጠቀጡና ሲወድቁ፣ ግሉኮስ ሲሰጣቸው ደግሞ ተነሥተው ሲሄዱ ተመለከተ። መንስኤው የመድኃኒቱ መርዛማነት ሳይሆን የስኳሩ መውረድ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ የተረሳ እውነት አለ። የኢንሱሊን መጠን መለኪያ የሆነው ዩኒት ሲወጠን የተለካው በዚሁ የጥንቸል መንቀጥቀጥ ነው። ምግብ ሳትቀምስ የቆየች ጥንቸል የደም ስኳሯን መንቀጥቀጥ ወደሚጀምርበት ልክ፣ ማለትም ወደ 45 ሚሊግራም በዴሲሊትር ለማውረድ የሚያስፈልገው መጠን የመለኪያው መሠረት ሆነ። ዛሬ በእያንዳንዱ የኢንሱሊን መርፌ ላይ የሚነበበው ቁጥር ከዚያ የመጣ ነው። ኢንሱሊን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የተመዘነው በሚያድነው ብቻ ሳይሆን በሚጥለውም ጭምር ነበር።

ጥር 11 ቀን 1922 በቶሮንቶ ጠቅላላ ሆስፒታል ተኝቶ የነበረው የ14 ዓመቱ ሊዮናርድ ቶምሰን የመጀመሪያውን መርፌ ተወጋ። ያ ጭማቂ በሚገባ ያልተጣራ በመሆኑ ውጤቱ አነስተኛ ነበር። ጥር 23 ቀን ኮሊፕ ባጣራው መድኃኒት ሕክምናው ሲቀጥል ግን የልጁ የደም ስኳር ወረደ፣ ከሽንቱም ኬቶን ጠፋ። በ1923 የኖቤል ሽልማት ለባንቲንግና ለማክላውድ ተሰጠ፤ ባንቲንግ ድርሻውን ለቤስት፣ ማክላውድም ለኮሊፕ አካፈሉ።

ሕሙማን ያስተማሩት የምልክቶች ዝርዝር

ጥንቸል የሚሰማትን አትናገርም፤ ሰው ግን ይናገራል። በዚያው በ1922 የቶሮንቶ ሐኪሞች የሆኑት አልሞን ፍሌቸር እና ዋልተር ካምቤል ኢንሱሊን በሚወስዱ ሕሙማን ላይ የታዩትን የስኳር መውረድ ምልክቶች አሰባስበው ጻፉ። መጀመሪያ የሚመጣው ድንገተኛ ረሃብ፣ ድካምና ምክንያቱ የማይታወቅ ጭንቀት ነው። ከዚያ ላብ፣ የእጅ መንቀጥቀጥና የልብ ምት መፋጠን ይከተላል። ስኳሩ ይበልጥ ሲወርድ ንግግር ይተሳሰራል፣ ሐሳብ ይበታተናል፣ በመጨረሻም ራስን መሳት ይመጣል። ከመቶ ዓመት በኋላም ይህ ዝርዝር በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ብዙ ሳይለወጥ ይገኛል።

ዘመናዊው ሳይንስ በዚህ ላይ የጨመረው ማብራሪያ ምልክቶቹን በሁለት መክፈሉ ነው። ላብ፣ መንቀጥቀጥና የልብ ምት መፋጠን ሰውነት በአድሬናሊንና በነርቮች አማካይነት የሚያሰማቸው የማስጠንቀቂያ ደወሎች ናቸው። መደናገር፣ የጠባይ መለወጥና ራስን መሳት ደግሞ አእምሮ ራሱ ስኳር ማጣቱን ያመለክታሉ። የመጀመሪያው ክፍል ሕሙሙ ራሱን እንዲረዳ ጊዜ ይሰጠዋል፤ ሁለተኛው ሲደርስ ግን ራሱን የሚረዳበት አእምሮ የለውም። የአያያዙ ሁሉ ቁልፍ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ባለችው አጭር ጊዜ ላይ ነው።

በኋላም በ1938 የኒውዮርኩ ቀዶ ሐኪም አለን ዊፕል የቆሽት ዕጢ ያለባቸውን ሕሙማን ለመለየት ሦስት መስፈርቶችን አስቀመጠ። እነርሱም የዝቅተኛ ስኳር ምልክት መታየቱ፣ በዚያው ጊዜ የተለካው የደም ስኳር ዝቅተኛ መሆኑ፣ ስኳር ሲሰጥም ምልክቱ መጥፋቱ ናቸው። ይህ መስፈርት ዛሬም በስሙ ይጠራል።

ሥራና መርፌ

ለታሪኩ ትልቅ አስተዋጽኦ ካደረጉት መካከል የለንደኑ ሐኪም ሮበርት ሎረንስ ይገኝበታል። ሎረንስ ራሱ የስኳር ሕመምተኛ ነበር፤ ሞቱን እየጠበቀ በጣሊያን አገር በፍሎረንስ ሲኖር ኢንሱሊን መገኘቱን ሰምቶ በ1923 ወደ ለንደን ተመለሰና ዳነ። በ1926 ባሳተመው ጥናት የአካል እንቅስቃሴ የኢንሱሊንን ኃይል እንደሚያበረታ አሳየ። በዕረፍት ላይ ላለ ሰው የሚመጥን መርፌ ጉልበት ለሚሠራ ሰው ሊበዛበት እንደሚችል ከዚያ ወዲህ ታወቀ። ለገበሬ፣ ለቀን ሠራተኛና ረጅም መንገድ በእግሩ ለሚጓዝ ተማሪ ይህ ከማንኛውም ምክር የሚቀድም ነው። በሆስፒታል አልጋ ላይ ተኝቶ የተስተካከለለት መጠን እርሻው ላይ ሲደርስ ሊጥለው ይችላል።

በአሜሪካ ደግሞ የቦስተኑ ኤሊየት ጆስሊን ገና ኢንሱሊን ሳይገኝ፣ በ1918 ለሕሙማን የሚሆን መመሪያ አሳትሞ ነበር። ሕሙሙ የራሱ ሐኪም ካልሆነ የስኳር ሕመም አይታከምም የሚለው አቋሙ ኢንሱሊን ከመጣ በኋላ ይበልጥ እውነት ሆኖ ተገኘ፤ መርፌውን ቤቱ የሚወጋው፣ ሲወድቅም ቤቱ የሚወድቀው ሕሙሙ ነውና።

የሌሊቱ አደጋ

የመጀመሪያው ኢንሱሊን ሥራው በጥቂት ሰዓታት የሚያበቃ በመሆኑ በቀን ብዙ ጊዜ መወጋት ግድ ነበር። በ1936 የዴንማርኩ ሃንስ ክርስቲያን ሀገዶርን ኢንሱሊንን ፕሮታሚን ከሚባል የዓሣ ፕሮቲን ጋር በማዋሐድ ዕድሜውን አራዘመ፤ በዚያው ዓመት የቶሮንቶ ተመራማሪዎች ዚንክ ጨምረው ይበልጥ አቆዩት። ኤን ፒ ኤች በሚል ስም የሚታወቀው ኢንሱሊን በ1946 የተገኘው ከዚሁ ሥራ ነው። በደመና መልኩ የሚታወቀውና ከመወጋቱ በፊት በእጅ መሐል የሚንከባለለው ብልቃጥ ዛሬም በኢትዮጵያ ጤና ተቋማት ያገለግላል።

የመርፌው ቁጥር ቀነሰ፤ አደጋው ግን ሰዓት ለወጠ። ማታ የተወጋ ኤን ፒ ኤች ከፍተኛ ኃይሉ ላይ የሚደርሰው ሕሙሙ በተኛበትና ምግብ በራቀበት ሰዓት ነው። ስኳሩ ቀስ ብሎ ሲወርድ ላቡና መንቀጥቀጡ የደበዘዘ ሊሆን ይችላል። ጠዋት ራስ ምታት፣ በላብ የራሰ አንሶላ፣ ቅዠትና ያልተለመደ ድካም የሌሊቱ መውረድ ምስክሮች ናቸው። ጠዋት ላይ ከፍ ያለ ስኳር ያየ ባለሙያ የማታውን መርፌ ከመጨመሩ በፊት ሌሊቱ እንዴት እንዳለፈ መጠየቅ ያለበት ስለዚህ ነው።

በዚያው ዘመን ዝቅተኛ ስኳር ሆን ተብሎ የተፈጠረበት አሳዛኝ ምዕራፍም አለ። በ1930ዎቹ በቪየና ማንፍሬድ ሳከል የአእምሮ ሕሙማንን በኢንሱሊን ራሳቸውን እንዲስቱ በማድረግ ለማከም ሞከረ፤ ዘዴውም በብዙ አገሮች ተስፋፋ። አንዳንዶቹ ሕሙማን ግሉኮስ ቢሰጣቸውም ሳይነቁ ቀርተዋል። በ1957 በእንግሊዝ የታተመ ጥናት በኢንሱሊን ራሳቸውን የሳቱትን በሌላ መድኃኒት ከተኙት ጋር ሲያነጻጽር ልዩነት አላገኘም፤ ዘዴውም ቀስ በቀስ ተተወ። ከዚህ ምዕራፍ የተረፈው መራራ ትምህርት አእምሮ ያለ ስኳር የሚታገሠው ጊዜ ውስን መሆኑ ነው። የጠፋው ሰዓት በኋላ በሚሰጥ ግሉኮስ አይመለስም።

እንክብሉም ይጥላል

ዝቅተኛ ስኳር የመርፌ ጉዳት ብቻ ተደርጎ እንዳይታይ ያደረገው በፈረንሳይ አገር የሆነው ነገር ነው። በ1942 በሞንፔሊየ ማርሴል ዣንቦን የተባለ ሐኪም የአንጀት ተስቦ ሕሙማንን ከሰልፎናማይድ ዝርያ በሆነ አዲስ መድኃኒት ሲያክም አንዳንዶቹ ተንቀጠቀጡ፣ ራሳቸውን ሳቱ፣ የሞቱም ነበሩ። ምክንያቱ ሲመረመር የደም ስኳራቸው ወርዶ ተገኘ። የሥራ ባልደረባው ኦጉስት ሉባቲዬር መድኃኒቱ የሚሠራው ቆሽት ባላቸው ውሾች ላይ ብቻ መሆኑን በማሳየት ቆሽትን ኢንሱሊን እንዲያመነጭ እንደሚያስገድድ አስረዳ። ሰልፎኒልዩሪያ የሚባሉት የስኳር እንክብሎች የተወለዱት ከዚህ አደጋ ነው። በ1950ዎቹ አጋማሽ ካርቡታማይድና ቶልቡታማይድ፣ ቀጥሎም ክሎርፕሮፓማይድና ግሊቤንክላማይድ ለአገልግሎት በቁ።

እንክብል ከመርፌ ይልቅ የዋህ ይመስላል። ሆኖም ግሊቤንክላማይድን የመሰለ መድኃኒት በአረጋውያንና ኩላሊታቸው በደከመ ሕሙማን ሰውነት ውስጥ ይቆያል። ስኳሩ የወረደበት ሕሙም ግሉኮስ ተሰጥቶት ቢነቃም መድኃኒቱ ገና ስላልወጣ ከሰዓታት በኋላ ደግሞ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሕሙም ነቃ ተብሎ ወደ ቤቱ አይሰናበትም፤ ቢያንስ 24 ሰዓት ተኝቶ፣ ስኳሩ በየጊዜው እየተለካ ይቆያል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 ባወጣው የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ግሊክላዛይድን ሲያስገባ ግሊቤንክላማይድ ከ60 ዓመት በላይ ለሆኑ ሰዎች እንደማይመች ያመለከተውም በዚሁ ምክንያት ነው።

የማይታየውን ማየት

ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ሕሙማን ስኳራቸውን የሚከታተሉት በሽንት ምርመራ ነበር። ሽንት ግን ስለ ዝቅተኛ ስኳር አንዳች አይናገርም። ስኳር በሽንት የሚታየው የደሙ መጠን 180 ሚሊግራም ገደማ ሲያልፍ ነው፤ ከዚያ በታች ደሙ 120 ይሁን 30 ሽንቱ አንድ ዓይነት ነው። ሽንቱ ንጹሕ ሆኖ የታየለት ሕሙም ደኅና ሊሆን ይችላል፤ በገደል አፋፍ ላይ የቆመም ሊሆን ይችላል።

በ1960ዎቹ አጋማሽ ከአንዲት የደም ጠብታ በቀለም ለውጥ ስኳርን የሚያመለክት የወረቀት መመርመሪያ ወጣ። በ1970 ገደማ ደግሞ ቀለሙን የሚያነብ መሣሪያ በአሜሪካ ለገበያ ቀረበ። መሣሪያው ከባድና ውድ ሲሆን ለሐኪሞችና ለሆስፒታሎች ብቻ ይሸጥ ነበር። ከጥቅሞቹ አንዱ በሌሊት ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚመጣውን ራሱን የሳተ የስኳር ሕመምተኛ ከሰከረ ሰው መለየት ነበር። ሪቻርድ በርንስታይን የተባለ መሐንዲስ፣ ከ12 ዓመቱ ጀምሮ የስኳር ሕመምተኛ የነበረ ሰው፣ መሣሪያውን ሐኪም በሆነችው ሚስቱ ስም ገዝቶ በየቀኑ ራሱን መለካት ጀመረ። በዚያን ጊዜ ሕሙም የራሱን ደም ይለካል የሚለው ሐሳብ በብዙ ባለሙያዎች ዘንድ ተቀባይነት አልነበረውም። በርንስታይን ቆይቶ ሕክምና ተምሮ ሐኪም ሆነ፤ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮም ቤት ውስጥ መለካት የሕክምናው አካል እየሆነ መጣ። በዚህ ምዕተ ዓመት ደግሞ ከቆዳ ሥር ተተክለው ስኳሩ ሲወርድ የሚጮኹ መለኪያዎች ሀብት ባላቸው አገሮች ተስፋፍተዋል።

የቁጥጥር ዋጋ

በ1993 በአሜሪካና በካናዳ 1,441 የአንደኛው ዓይነት ስኳር ሕመምተኞችን በአማካይ ለ6.5 ዓመት የተከታተለ ታላቅ ጥናት ውጤት ታተመ። ስኳርን በጥብቅ መቆጣጠር የዓይን፣ የኩላሊትና የነርቭ ጉዳትን እጅግ እንደሚቀንስ ተረጋገጠ፤ ገና የዓይን ጉዳት ባልጀመራቸው ዘንድ ጉዳቱ በ76 በመቶ ቀነሰ። በሌላ በኩል የሌላ ሰው እርዳታ የሚያስፈልገው ከባድ የስኳር መውረድ በሦስት እጥፍ ገደማ በዛ።

በ2008 ደግሞ ከ10,000 በላይ የሁለተኛው ዓይነት ሕሙማንን የያዘ ሌላ የሰሜን አሜሪካ ጥናት ጥብቅ ቁጥጥር በተደረገላቸው ዘንድ ብዙ ሰው በመሞቱ ያንን ክፍል ከጊዜው በፊት አቆመ። ለሞቱ መንስኤ ዝቅተኛ ስኳር ብቻ ነው ለማለት ባይቻልም፣ ከዚያ ወዲህ ለሁሉም አንድ ግብ ማስቀመጥ ተትቷል። ለወጣቱ የሚመረጠው ቁጥር ብቻቸውን ለሚኖሩ፣ ልባቸውና ኩላሊታቸው ለደከመ አዛውንት አይመረጥም።

ደወሉ ሲዘጋ

ሐኪሞችን ለረጅም ጊዜ ግራ ያጋባው ሌላው ነገር አንዳንድ ሕሙማን ምንም ምልክት ሳይሰማቸው በድንገት መውደቃቸው ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ በሴይንት ሉዊስ ፊሊፕ ክራየር እና ባልደረቦቹ ምሥጢሩን ገለጡት። አንድ ጊዜ ስኳር መውረዱ ራሱ ሰውነት ለቀጣዩ መውረድ የሚያሰማውን ደወል ያደክማል። ስኳሩ በተደጋጋሚ የሚወርድበት ሰው ላቡም መንቀጥቀጡም እየጠፋ ይሄድና ቀጥታ ወደ መደናገር ይገባል።

መልካሙ ዜና ደወሉ የሚመለስ መሆኑ ነው። የስኳር መውረድን ለጥቂት ሳምንታት ሙሉ በሙሉ መከላከል በብዙዎች ዘንድ የማስጠንቀቂያ ምልክቶችን እንደሚመልስ በዚያው አሥር ዓመት በተደረጉ ጥናቶች ታይቷል። በመሆኑም «ድሮ ያልበኝ ነበር፣ አሁን ግን ሳላውቀው ነው የምወድቀው» የሚል ሕሙም ለባለሙያው ትልቅ ምልክት ሰጥቶታል። የስኳር ግቡ ለጊዜው ከፍ ይላል፣ መርፌው ይቀነሳል። ፕሮፕራኖሎልን የመሰሉ መድኃኒቶችም መንቀጥቀጡንና የልብ ምቱን ሊሸፍኑ ስለሚችሉ አብረው ይጠየቃሉ፤ ላቡ ግን ይቀራል።

ስኳርና ግሉካገን

ነቅቶ መዋጥ ለሚችል ሕሙም መድኃኒቱ ከ1922 ጀምሮ አልተለወጠም፤ ስኳር ነው። ዛሬ የሚታወቀው መመሪያ ስኳሩ ከ70 ሚሊግራም በታች ሲሆን 15 ግራም ያህል ፈጣን ስኳር መውሰድ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግሞ መለካት፣ ካልተስተካከለም መድገም፣ ከተስተካከለ በኋላ ምግብ መብላት የሚል ነው። ይህም ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ መጠጣት፣ ወይም ግማሽ ብርጭቆ ያህል ስኳር ያለው ለስላሳ ማለት ነው። ማርም ያገለግላል። ቸኮሌትና ቅባት ያለው ምግብ ግን ስኳሩን ስለሚያዘገዩ ለዚህ ሰዓት አይሆኑም። ከ54 ሚሊግራም በታች የወረደ ስኳር አስቸኳይ አደጋ ተደርጎ ይወሰዳል።

ለማይነቃው ሕሙም የሚሰጠው ግሉካገን ታሪኩ ከኢንሱሊን ጋር እኩል ነው። በ1923 ኪምቦል እና መርሊን በቆሽት ጭማቂ ውስጥ ስኳርን ከፍ የሚያደርግ ሌላ ነገር መኖሩን አስተውለው ስም ሰጡት። በ1953 ንጹሑ ተለይቶ ወጣ፤ በ1960 በአሜሪካ ለከባድ የስኳር መውረድ ሕክምና ተፈቀደ። ግሉካገን ጉበት ያከማቸውን ስኳር የሚያስለቅቅ በመሆኑ ለረጅም ጊዜ በተራበ ወይም ሳይበላ አልኮል በጠጣ ሰው ላይ ኃይሉ ይደክማል። በ2019 በአፍንጫ የሚሰጥ ዓይነቱም ተፈቅዷል። ዋጋውና አቅርቦቱ ግን በብዙ ድሃ አገሮች ከሕሙማን እጅ አርቆታል። በጤና ተቋም ደረጃ በደም ሥር የሚሰጥ ግሉኮስ ዋነኛው መድኃኒት ሆኖ ቀጥሏል፤ ለአዋቂ 25 ግራም ያህል፣ ማለትም ባለ 40 በመቶው ግሉኮስ 60 ሚሊሊትር ገደማ በቀስታ ይሰጣል።

ታሪኩ በኢትዮጵያ ጤና ጣቢያ

ካለፈው ምዕተ ዓመት መገባደጃ ጀምሮ በጎንደርና በጅማ አካባቢ የስኳር ሕሙማን ክትትል ከሆስፒታል ወጥቶ በጤና ጣቢያ ባሉ ነርሶችና ጤና መኮንኖች እጅ እንዲሆን የተደረገው ጥረት ብዙ የገጠር ሕሙማንን ከረጅም መንገድ አድኗል። ከዚህ ጋር የዝቅተኛ ስኳር ኃላፊነትም ወደዚያው ተሻግሯል። በቶሮንቶ ጥንቸሎች የተጀመረው ትምህርት የመጨረሻ ፈተናው እዚህ ነው።

በገጠር የሚኖር ሕሙም መርፌውን በሰዓቱ ይወጋል፤ ምግቡ ግን ሁልጊዜ በሰዓቱ አይደርስም። ሥራው ከባድ ነው፤ መለኪያ መሣሪያ የለውም። ጾምም አለ። በ2001 በ13 አገሮች ከ12,000 በላይ ሙስሊም ሕሙማን ላይ የተደረገ ጥናት በረመዳን ወር ከባድ የስኳር መውረድ በአንደኛው ዓይነት ሕመም 4.7 እጥፍ፣ በሁለተኛው ዓይነት 7.5 እጥፍ እንደሚጨምር አሳይቷል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይቀምሱ ለሚውሉ የኦርቶዶክስ ምእመናንም ጥንቃቄው ያው ነው። ሕሙሙን «አትጹም» ብሎ ብቻ ማሰናበት ብዙ ጊዜ ዋጋ የለውም፤ ተደብቆ ይጾማል፣ መርፌውንም እንደ ወትሮው ይወጋል። ጾሙ ከመግባቱ በፊት ስለ መጠን፣ ስለ ሰዓትና መቼ መፍታት እንዳለበት መነጋገር፣ ካስፈለገም የሃይማኖት አባቶችን ማሳተፍ ይሻላል።

የመርፌ ስህተትም አይረሳም። አሜሪካ ከ1973 ጀምሮ በአንድ ሚሊሊትር 100 ዩኒት ወዳለው ኢንሱሊን ስትዞር ከዋና ምክንያቶቿ አንዱ የተለያዩ ክምችቶች የሚፈጥሩትን መደናገር ማስቀረት ነበር። ለ40 ዩኒት በተሠራ መርፌ ባለ 100 ዩኒቱን ኢንሱሊን የቀዳ ሰው የታዘዘለትን ሁለት እጥፍ ተኩል ይወጋል። ብልቃጡንና መርፌውን አብሮ ማየት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

ስኳሩ የወረደበት ሰው የሰከረ፣ የሚጥል በሽታ የያዘው ወይም መንፈስ ያደረበት ሊመስል ይችላል፤ ይሳደባል፣ ይታገላል፣ ዝም ይላል። በመሆኑም ራሱን ስቶ ለመጣ ማንኛውም ሰው የደም ስኳር መለካት ከመጀመሪያዎቹ ሥራዎች አንዱ ነው። መለኪያ ከሌለና ሕሙሙ ኢንሱሊን ወይም እንክብል እንደሚወስድ ከታወቀ ግሉኮስ መስጠት ይቀድማል። ስኳሩ ከፍ ያለ ሆኖ ቢገኝ የተጨመረው ግሉኮስ የሚያደርሰው ጉዳት ጥቂት ነው፤ ዝቅ ያለ ሆኖ ሳይሰጠው ቢቀር ግን ጉዳቱ አይመለስም። ራሱን ለሳተ ሰው ምንም ነገር በአፍ አይሰጥም፤ ትን ብሎ ሊገድለው ይችላልና።

ከሁሉ በላይ የመጀመሪያው ሐኪም ሚስት፣ ባል፣ እናት፣ ታላቅ ወንድም ወይም የሥራ ባልደረባ ነው። ኢንሱሊን ሲጀመር ትምህርቱ ለሕሙሙ ብቻ ከተሰጠ፣ አእምሮው በሚጠፋበት ሰዓት ትምህርቱም አብሮት ይጠፋል። በኪሱ ስኳር ወይም ከረሜላ መያዝን፣ ሕመሙን የሚገልጽ ወረቀት መያዝን፣ ከከባድ ሥራ በፊት ምግብ መጨመርን ሕሙሙ ይማር፤ ምልክቶቹን መለየትንና ስኳር በጥብጦ መስጠትን ደግሞ ቤተሰቡ አብሮት ይማር። በየቀጠሮው «ከባለፈው ወዲህ ስኳርህ ወርዶብህ ያውቃል?» የሚለው ጥያቄ ከክብደትና ከደም ግፊት እኩል በካርዱ ላይ ሊመዘገብ ይገባዋል። ያልተጠየቀ ሕሙም ብዙውን ጊዜ አይናገርም፤ አንዱ መርፌው እንዳይቀየርበት ይሰጋል፣ ሌላው ሥራውን እንዳያጣ ይፈራል።

አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። ከኮሊፕ ጥንቸሎች እስከ ዛሬው ከቆዳ ሥር የሚተከል መለኪያ ድረስ ያለው የመቶ ዓመት ጥረት ሲጨመቅ ይኸው ነው። ላቡና መንቀጥቀጡ ሲጀምር ሦስት ማንኪያ ስኳር ይበቃል፤ ሲዘገይ ግን ሆስፒታሉም ላይበቃ ይችላል። በዚያች አጭር ጊዜ ሕሙሙ የሚያደርገውን እንዲያውቅ ማድረግ መርፌውን የሰጠው ባለሙያ ኃላፊነት ነው።